አንዲት እንባ ለአንድ ጆግ

(ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናው አጠገብ ባለው አልጋ ላይ ተጋድሟል። ከትናንት ጀምሮ ተቅማጥ አሟጦት ከንፈሩ እንደ ተረሳ ዳቦ ደርቋል። ሚስቱ ሥራ ስትሄድ «አደራህን» ብላ የተወችው ለታላቅ ወንድሟ ነው። ወንድምየው ሰዓት ጠጋኝ ነው፤ ሰፈሩ ግን «ፕሮፌሰር» ይለዋል፤ የተሰጠውን ሰዓት ሁሉ ፈታትቶ ለምን እንደማይሠራ በሰፊው ስለሚያስረዳ። አሁን አንድ ከረጢት የኦ.አር.ኤስ ዱቄት በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጦ፣ ጆጉን እንደ ባንክ ዘበኛ እየጠበቀ ቆሟል።)

ልብስ ሰፊው፦ በጠበጥከው አይደል ጋሼ? ታዲያ ስጠኛ!

ፕሮፌሰር፦ አይሰጥም! ገና አልተፈተሸም።

ልብስ ሰፊው፦ ምኑ ነው የሚፈተሸው? ዱቄቱ ከፋርማሲ፣ ውሃው አፍልተን ያቀዘቀዝነው።

ፕሮፌሰር፦ በሬዲዮ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጨውነቱ ከእንባ መብለጥ የለበትም። በእንባ ሳይመሳከር አንዲት ጠብታ አትቀምስም!

ልብስ ሰፊው፦ ጤና ጣቢያ ያየችኝ ነርስ እኮ «አንድ ከረጢት፣ አንድ ሊትር፣ በቃ» ነው ያለችኝ። እንባ የሚባል አላነሳችም።

ፕሮፌሰር፦ እሷ ምን ታድርግ፣ ያ ሁሉ ወረፋ እያለባት! ላንተ እንባ ስትለካ ትዋል?

ልብስ ሰፊው፦ እሱስ ልክ ነህ። ግን ደግሞ «እስከ ማታ ሽንትህ ካልመጣ ተመለስ፣ ግሉኮስ እንሰቅልልሃለን» ብላኛለች። መርፌውን አይቼዋለሁ ጋሼ። የኔ የፍራሽ መርፌ እሱ ፊት የልጅ ልጅ ናት።

ፕሮፌሰር፦ ልብስ ሰፊ ሆነህ መርፌ ትፈራለህ?

ልብስ ሰፊው፦ እኔ የለመድኩት ሱሪ መውጋት ነው፤ ባለ ሱሪውን አይደለም!

ፕሮፌሰር፦ ሰነፍ ሆድ! ትናንት ለሕመም ያበቃህን ፓስታ፣ የተረፈውን ዛሬ ጠዋት ድስቱን ጠርጌ የበላሁት እኔ ነኝ። አየኸኝ? ብረት! (ሆዱን ይደልቃል።) በል አሁን አልቅስ።

ልብስ ሰፊው፦ እኔ?

ፕሮፌሰር፦ ታዲያ ማን? በሽተኛው አንተ፣ እንባውም ያንተ!

(ጆጉን ከአልጋው ራስጌ አስቀምጦ ማንኪያ ፍለጋ ዞር ይላል። ልብስ ሰፊው ቀስ ብሎ በብርጭቆ ይቀዳና ፉት ይላል።)

ልብስ ሰፊው፦ (ዓይኑን ጨምቆ) እምቢ አለ። ደርቄያለሁ እኮ ጋሼ።

ፕሮፌሰር፦ አሳዛኝ ነገር አስብ! ለምሳሌ እናቴ ልትጠይቅህ መጥታ ወር ሙሉ ብትቀመጥ?

ልብስ ሰፊው፦ እሱማ ከእንባ ያልፋል።

ፕሮፌሰር፦ እሺ፣ ያ እጅጌውን ገልብጠህ የሰፋህበት ሙሽራ?

ልብስ ሰፊው፦ እሱን ሳስብ የሚመጣብኝ ሳቅ ነው። (ፉት።) ለመሆኑ የሚፈለገው የሐዘን እንባ ነው የደስታ?

ፕሮፌሰር፦ (ጥያቄው ከብዶት አገጩን ያሻል) የ... የሐዘን! የደስታው ስኳር ይበዛበታል።

ልብስ ሰፊው፦ አቤት እውቀት! ታዲያ አንተው ለምን አታለቅስም?

ፕሮፌሰር፦ እኔ? ከተወለድኩ አልቅሼ አላውቅም። አዋላጇ ቂጤን ቸብ ብታደርገኝ ዞሬ ገላመጥኳት!

ልብስ ሰፊው፦ ሽንኩርትስ?

ፕሮፌሰር፦ (ክው ይላል) ይኸውልህ... ልለው ስል ቀደምከኝ!

(ወደ ኩሽና ይሮጣል። የቢላዋ ኳኳታ፣ ማስነጠስና እርግማን ይሰማል። ልብስ ሰፊው ነርሷ እንዳለችው ሳይቸኩል፣ እያረፈ ፉት ይላል። ፕሮፌሰር እንባው ወደ ማንኪያው መሄዱን ትቶ ወደ ጢሙ እየወረደ ስላስቸገረው፣ የሳምንቱን ሽንኩርት በሙሉ ከትፎ ሲመለስ ቀኑም ጆጉም ተጋምሰዋል።)

ፕሮፌሰር፦ (ዓይኑ ቲማቲም መስሎ፣ ማንኪያውን በሁለት እጁ ይዞ) ተገኘች! እንዳትነካኝ! እንዳትተነፍስ! (እንባውን ይልሳል፤ ጆጉን ያያል።) ማነው የቀነሰው?

ልብስ ሰፊው፦ ተንኖ ይሆናላ። ሙቀቱ አይጣል ነው።

ፕሮፌሰር፦ ወደ ሆድህ ነው የተነነው! ሳይፈተሽ! ሳይመሳከር! አንተ ሰው እኮ...

(ሆዱ፣ ባዶ በርሜል በኮረኮንች ላይ ሲንከባለል እንደሚጮኸው ይጮሃል። ማንኪያውን ወርውሮ ወደ መጸዳጃ ቤት ይፈተለካል። በሩ ድርግም!)

ልብስ ሰፊው፦ (ብድግ ይላል፤ ፊቱ በርቷል) ጋሼ! ሽንቴ መጣ! ከመርፌው ተረፍኩ! (በሩን ይደበድባል።) ክፈትልኝ!

ፕሮፌሰር፦ (ከውስጥ) አልችልም! ፓስታው!

ልብስ ሰፊው፦ ብረቱስ?

ፕሮፌሰር፦ ቀልጧል! ወንድሜ፣ በሞትኩት፣ ከዚያ ከጆጉ አንድ ብርጭቆ አቀብለኝ!

ልብስ ሰፊው፦ ኧረ ጋሼ፣ ሳይፈተሽ? ጨውነቱ በልጦ ቢገኝ እህትህን በምን ዓይኔ ላያት ነው?

ፕሮፌሰር፦ (ድምፁ ተሰብሮ) እንባ ከሆነ የምትፈልገው፣ ይኸው እያለቀስኩ ነው!

ልብስ ሰፊው፦ (ብርጭቆውን ይዞ፣ እግሩን አጣብቆ እየተወዛወዘ) የሐዘን ነው የደስታ?