ትከሻው ላይ ያለው እጅ

በየቤተሰቡ ወሬን በሰላም የማያስወራ አንድ ሰው አለ። ሰምታችሁ፣ ተገርማችሁ፣ ለጎረቤት ልታካፍሉ ብድግ ስትሉ በር ላይ ቆሞ "ማን ነው ያለው?" ይላችኋል። በፍኖተ ሰላሙ ባለሱቅ በአቶ አድማሴ ቤት ይህን ከፍተኛ ሥልጣን የያዘችው የገዛ ልጃቸው ናት፤ ክብርት ወይዘሪት ሥርጉት አድማሴ፣ የሦስተኛ ዓመት የሶሺዮሎጂ ተማሪ።

ለእረፍት በመጣች ቁጥር አቶ አድማሴ ስልካቸውን ይዘው ጓዳ መግባት ጀምረዋል። ነጭ ሽንኩርት የስኳር በሽታን ከሥሩ ይነቅላል የሚል ቪዲዮ ቢያሳዩዋት፣ "ዶክተሩ የት ነው የሚሠራው አባየ?" ብላ ጠየቀች። ቡሬን ጎርፍ ወሰዳት የሚል ፎቶ ቢያሳዩዋት፣ "ቡሬ ላይ የኮኮናት ዛፍ መቼ በቀለ?" አለች። ዛፉንማ እሳቸውም አይተውታል፤ ጎርፉ ያመጣው መስሏቸው ነው። "ዩኒቨርሲቲው ልጄን ወስዶ መርማሪ ላከልኝ" እያሉ ለደንበኛው ሁሉ ያማርራሉ።

በጥር ወር ግን የሚያስቅ ነገር አልመጣም። ፌስቡክ ላይ የእህታቸው ልጅ ወልደ ዮሐንስ ነጭ ለብሶ ቆሟል። ከጎኑ የበራ ሻማ አለ፤ ከሥሩ "ወንድማችንን አጣነው፤ ነፍስ ይማር ሳትሉ እንዳታልፉ" ይላል። ልጁ ቆላ ወርዶ መንገድ ሥራ ላይ ነው። ቢደውሉ ስልኩ ዝግ ነው። አቶ አድማሴ የሱቁን በር ዘጉና አለቀሱ።

መርዶ እንዲህ በዋዛ አይነገርም። ዘመድ በሹክሹክታ ተጠራርቶ፣ ባለሐዘኗ ሳትሰማ ጎህ ሲቀድ ደጃፏ ይደርሳል። በማግስቱ ንጋት ላይ፣ ቡሬ አጠገብ፣ ከልጁ እናት ከወይዘሮ እህተ ማርያም ቤት በታች ጋቢ የተከናነበ ሰው ተሰበሰበ። የእድሩ ድንኳን በጋሪ መጣ፤ የነፍስ አባታቸው ቄስ ሃይለ ሚካኤልም ደረሱ። ወይዘሮ እህተ ማርያም የልብ ሕመም አለባቸው። መርዶው እሳቸውንም ይዟቸው እንዳይሄድ ሰው ሁሉ ፈርቷል።

ሥርጉት እያለቀሰች ፎቶውን ታያለች። ድንገት ቀና አለች።

"አባየ፣ ትከሻው ላይ ያለው እጅ የማን ነው?"

እውነትም ባለቤቱ ከፎቶው ተቆርጦ የወጣ አንድ እጅ ወልደ ዮሐንስን አቅፏል። "ዛሬ እንኳ እንደ ሰው አልቅሽ እንጅ ልጄ" አሏት አባቷ አፍረው።

"ስሙን እኮ አልጻፉም። ወልደ ዮሐንስ ሞተ ያልነው እኛው ነን።"

ሰው አጉረመረመ። ቄስ ሃይለ ሚካኤል ግን እጃቸውን አነሡ። "ቆዩማ። ልጅቱ ትጨርስ።"

ሥርጉት ቡሬ ከተማ ያለችውን የክፍል ጓደኛዋን ናዚፋን ደውላ ከእንቅልፏ ቀሰቀሰቻት። ሁለቱም ሚዲያን እንዴት እንደሚመረምሩ አብረው የተማሩ ናቸው። ናዚፋ ፎቶውን የለጠፈውን የፌስቡክ ገጽ ወደ ኋላ ስትበረብር ያው ሻማ፣ ያው ጽሑፍ፣ በየሳምንቱ በሌላ ሰው ፎቶ ላይ ተለጥፎ አገኘች። አንደኛው "ሟች" እንዲያውም ከሥር "አለሁ እኮ፣ ፎቶዬን አንሡልኝ" ብሎ ጽፏል። ሥርጉት ደግሞ ወልደ ዮሐንስ ራሱ ለገና የለጠፈውን ሙሉውን ፎቶ አገኘች። የእጁ ባለቤት ክንፈሚካኤል የሚባል የሥራ ባልደረባው ነው። በሜሴንጀር ደወለችለት።

"ወልደ ዮሐንስ? ይኸው ፊቱን እየታጠበ" አለ ክንፈሚካኤል። "ስልኩማ ውኃ በርሜል ውስጥ ገብቶበት ነው።"

አቶ አድማሴ ስልኩን ነጠቋት። "አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ አጎቴ። ምን ሁናችሁ ነው በጧት?"

አቶ አድማሴ ወደ ሰዉ ዞረው "አለ! በሕይወት አለ!" ብለው ጮኹ። ለለቅሶ የመጡት ሴቶች እልልታውን አቀለጡት። ወይዘሮ እህተ ማርያም በድንጋጤ ወጡ፤ ጋቢውን፣ ድንኳኑን፣ ቄሱን አዩ። ወደ ወንድማቸው ዞሩ።

"አድማሴ፣ ልጄ ነው?"

"ልጅሽ ነው እታለም። እንኪ፣ አናግሪው።"

ድንኳኑ አልተመለሰም፤ እዚያው ደጃፍ ላይ ተተከለ። ለእዝን የተሰናዳው እህልና ጠላ በዘፈን አለቀ፤ ቄሱም ከጭብጨባው አልተለዩም። ሥርጉትን ከሽማግሌዎቹ መካከል አስቀመጧት።

ወይዘሮ እህተ ማርያም የልጅቱን ሁለት እጆች ይዘው ደጋግመው ሳሙ። "ይችን የመሰለች የማን ልጅ ናት?" አሉ፣ እያወቁ።

አቶ አድማሴ "የኔ" ሊሉ ተነሡ፤ እንባቸው ቀደማቸውና በእጃቸው ደረታቸውን ብቻ አሳዩ።