የረጋ ሰው

ሱሉልታ ላይ የእድር ዳኝነቴን ቀሙኝ፤ ጥፋቴ መጮኼ ነው። በቦታዬ ኦቦ ገመቹን ሾሙ። እሳቸው የረጉ ሰው ናቸው፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው ዝም ሲሉ አገር አብሮ ዝም ይላል። ዝምታ ያስተዳድራል እንዴ? እስቲ ፍረዱኝ።

አንድ ለቅሶ ላይ ነፋስ ድንኳኑን ሲነቅለው፣ «ኧረ ገመዱን ያዙ!» ብዬ ጮኽኩ። ኦቦ ገመቹ እጃቸውን ቀስ አድርገው አነሱና፣ «ተረጋጉ» አሉ። ተረጋጋን። ድንኳኑም ላያችን ላይ ተረጋጋ።

ከሥሩ እየዳኽን ስንወጣ አንዷ ለቀስተኛ፣ «አቤት ግርማ! ድንኳን ወድቆባቸው እንኳ ከወንበራቸው አልተነሱም» አለች።

እኔማ ጎልምሼ በተማርኩት ፊደል «ዳኝነቴ ይመለስልኝ» ብዬ አቤቱታ ጻፍኩ። የእድሩ ጸሐፊ ለጉባኤው አነበበውና፣ «ወንድሜ፣ እሳቸው ግርማ አላቸው፤ አንተ ድምፅ አለህ» አለኝ። ጥሩምባ ነፊ አደረጉኝ። ጉዳዩ የተዘጋው እሑድ፣ የካቲት 17 ቀን ነው።