አትክልት ዘቡራዩ የመልአከ ሞትን ጥላ ሊመረምሩ ሰበታ የዘመቱበት ዜና

በዘመነ ዮሐንስ፣ በሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ የገበሬውን መሬት ይወስዳል በተባለው ማስተር ፕላን ምክንያት ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ በታወኩበት፣ መንገዱም በድንጋይ በተዘጋበት ወራት፣ ታኅሣሥ ሁለት ቅዳሜ ከጧቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ሴራሚክ አንጣፊው ሉቃስ በኦቦ ቀጄላ ፊልም ቤት ደጃፍ ቆሞ አትክልትን ሰደበ፤ ዘመኑ የዮሐንስ ቢሆንም ቀኑ የሉቃስ ነበረና። አዋጁም፦ «ስሙኝማ! ይሄ ሰውዬ መልአከ ሞት ብሎ የጻፈለት ጥላ፣ ሲኒማ ቤት ሽንቱ የመጣበት ተመልካች ነው!» የሚል ነበረ። ቀኑንና ሰዓቱን አልስትም፤ ስድብ ላይ ትውስታዬ ጥሩ ነው። ይህን ዜና የምጽፈው እኔው አትክልት ነኝና፤ ራሴን አንቱ ማለቴም ሌላ የሚለኝ ስለጠፋ ነው።

አትክልት ዐይነ ብሩህ፣ በሰባተኛ ክፍል ላይ ሁለት ዓመት የነገሡ፣ ያዩትን ፊልም ሁሉ በደብተር ወረቀት ተችተው በቀጄላ በር የሚለጥፉ፣ ከዚያ በር በቀር ሌላ ማዕረግ ያልነበራቸው፣ በአንድ ፊልም ውስጥ መርከበኛው ሊሞት ሲል በፊቱ የሚያልፈውን ጥላ አይተው «ዳይሬክተሩ ሊቅ ነው» ብለው ጽፈው ነበር፤ ቅጂው ከሲኒማ ቤት በካሜራ የተሰረቀ መሆኑን ግን አላጣሩም። ኦቦ ቀጄላም፦ «ደንበኛ ሳቀብኝ። እስከ ሰኞ እውነቱን አምጣ፣ አለዚያ ወረቀትህ ከበሬ ላይ ይነሳል፤ ቶሌ?» ብለው ዐወጁ።

ወእምዝ እሑድ ማለዳ፣ ታክሲ ስላልነበረ፣ አትክልት በእግራቸው ዘመቱ። ሠራዊታቸውም ዣንጥላ አንድ፣ ዳቦ ሁለት፣ አፉን የከፈተ ጫማ፣ እስከ ድልድዩ ታማኝ ሆና ከዚያ አንዱን ዳቦ ይዛ የከዳች የቀጄላ ውሻ ነበሩ። ዓለም ገና ላይ የለቅሶ ድንኳን አገኙ፤ ወዴት ነው ቢባሉ «ዘመድ ጥየቃ» ብለው ዋሹ።

በሰበታም የቀድሞ ጎረቤታቸው መኪያና ባሏ ሰልማን ተቀበሏቸው፤ መኪያ ከዱባይ ያመጣችው የብሉሬይ ማጫወቻና የዚያው ፊልም ኦሪጅናል ዲስክ ነበራትና። ምስሉ በተገለጠ ጊዜ የመርከበኛው ጢም አንድ በአንድ ተቆጠረ፤ ድምፁም ከመጥራቱ የተነሣ፣ ፊልሙ ውስጥ ዝናብ ሲጥል መኪያ ያሰጣችውን ልብስ ልታስገባ ሮጣ ወጣች። ጥላ ግን የለም። አትክልት ያን ስፍራ አራት ጊዜ መለሱት፤ አራት ጊዜም መርከበኛው ብቻውን ሞተ።

እዚያው አድረው፣ ሰኞ ከቀትር በኋላ ቡራዩ ገብተው፣ እንዲህ የሚል ቃል በገዛ እጃቸው ለጠፉ፦ «ምስል፣ ከዐሥር ዐሥር። ድምፅ፣ ከዐሥር ዘጠኝ፤ አንዱ መኪያን ስላስሮጠ ተቀነሰ። መልአከ ሞት፣ የለም። ተሳስቻለሁ። አትክልት።» ኦቦ ቀጄላ ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ አላነሱትም።

ሉቃስ ግን ዳግመኛ ዐወጀ፦ «አይ አትክልት! ሰው ለመሬቱ እየወደቀ፣ አንተ ጥላ ፍለጋ ሰበታ ድረስ?»

ኦ ዘመጠነዝ ትዕግሥት! ለአንድ ስድብ ሰባት መልስ የማያጡት፣ የፊልሞች ዳኛ፣ የጥራት ጠበቃ፣ ኃያሉ አትክልት፣ ለዚህኛው ግን ዣንጥላቸውን ዘርግተው፣ ሕዝብ እያያቸው፣ በግርማ ወደ ቤታቸው ሄዱ።