ሁለት ጠረጴዛ ለአምስት ዓመት ልጅ

የልጅ ልደት የልጁ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ካያችሁ ወይ ልጅ የለውም፣ ወይ ደግሶ አያውቅም። በእኛ ከተማ የልጅ ልደት ማለት ባለ ልደቱ ሻማውን እፍ ብሎ ወደ ጥግ የሚገፋበት፣ አዋቂው ደግሞ ክትፎ ከፊቱ አድርጎ ስለ ቤት ኪራይ የሚያማርርበት በዓል ነው። የልጁ ድርሻ ፈንዲሻ ነው። ትንሽ ከፍ ያለ ቤት ከሆነ ፈንዲሻውን ስሙ በተጻፈበት ከረጢት ይሰጡታል። ይህን ሁሉ ድሮም አውቃለሁ፤ እያወቅኩም በሰው ልጅ ልደት ላይ ስንት ክትፎ በልቻለሁ። ዘንድሮ ግን ተራው የእኔ ሆነ።

የልጄ የሶልያና አምስተኛ ዓመት ረቡዕ ዋለ። ረቡዕ ጾም ነውና መወለዷን በአራት ቀን አዘግይተን ወደ እሁድ አዛወርነው። እሷን ማን ይጠይቃታል? የተጠየቀችው አንዴ ብቻ ነው። እናቷ ሮማን ጸጉሯን እየሠራቻት ለልደትሽ ምን እንዲሠራልሽ ትፈልጊያለሽ አለቻት። ልጅቷ የምግብ ስም አልጠራችም።

"ከሂክማ ጋ በአንድ ሳህን መብላት" አለች።

ሂክማ ግድግዳ የምንጋራት የጎረቤታችን የዘይነባ ልጅ ናት። ዘይነባ ኮልፌ ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አላት። ሁለቱ ልጆች ቆመው መሄድ ከጀመሩ ጀምሮ እኛ ቤት ፓስታ፣ እነሱ ቤት ሽሮ በአንድ ሳህን ሲበሉ ነው ያደጉት። እኛ ቤት ሥጋ በሚሠራበት ቀን ዘይነባ በአጥር ላይ ብቅ ትልና ሂክማን ለሆነ ጉዳይ ትጠራታለች። እነሱ ቤት ሲሠራ ደግሞ የእኔዋ "እናትሽ ትፈልግሻለች" ተብላ ትመጣለች። ይህ ሁሉ ያለ ስብሰባ፣ ያለ ውል፣ ማንም ለማንም ሳያስረዳ ዓመታት ሄደ። ልጆቹ ነገሩ የሃይማኖት መሆኑን አያውቁም፤ እናት የምትባል ፍጥረት በየሰዓቱ ልጅ የሚጠፋባት ነው የሚመስላቸው።

እንግዲህ መፍትሔው ቀላል ነበር። ፓስታ በቲማቲም፣ የተጠበሰ ድንች፣ አንድ ድስት ሽሮ፣ አለቀ። ሁሉም ልጅ ይበላዋል፣ ማንም አይጠየፈውም። ይህን ብዬ ሐሳብ ባቀርብ ሮማን ከቤት ሊያስወጣኝ በሚችል ዓይን አየችኝ። አምስት ዓመት ጠብቃ፣ ሰው ጠርታ፣ ድንች ልታቀርብ? ሰው ምን ይላል? ይህን "ሰው" የሚባለውን እንግዳ እስከ ዛሬ በአካል አግኝቼው አላውቅም፤ ቤታችን ውስጥ ግን ከእኔ ይልቅ የሚደመጠው እሱ ነው።

ዘይነባም ለሂክማ ብላችሁ እንዳትቸገሩ፣ ልጅ ዳቦም ቢበላ ይጠግባል ብላ መልእክት ላከች። ይህ ደግሞ ነገሩን አባሰው። ሮማን የጎረቤቷ ልጅ እሷ ቤት መጥታ ዳቦ ገምጣ ልትመለስ መሆኑን ስታስበው እንቅልፍ አጣች። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባላልና ሁለት ድግስ ለመደገስ ወሰነች። ለአንደኛው አዲስ ድስት፣ አዲስ ቢላ፣ አዲስ ጭልፋ ተገዛ። ሥጋውም ዶሮውም ከሙስሊም ሥጋ ቤት መጣ፤ የምታበስለውም ሙስሊም ሴት ከሰፈር ተለመነች። ነገሩ ለሰርግ ሲሆን እንዴት ያለ ደግ ወግ ነው! እንግዳው ሁሉ የሚበላውን አውቆ፣ ልቡ አርፎ ይቀመጣል። እኛ ግን የሰርጉን ወግ አንስተን አፍንጫቸውን በቅጡ መናፈጥ በማይችሉ ሃያ ልጆች ላይ ጫንነው። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ማለት ይህ ነው። አልዋሻችሁም፣ እኔም ኮርቼ ነበር።

እሁድ ደረሰ። ግቢው ውስጥ ሁለት ጠረጴዛ ተዘረጋ፤ አንዱ ሮዝ ፊኛ፣ ሌላው ወርቃማ ፊኛ ተንጠልጥሎበታል። በላያቸው ላይ ቢራቢሮ የተሳለባቸው ካርዶች አሉ፤ አንዱ "ክርስቲያን" ይላል፣ አንዱ "ሙስሊም"። ተጋባዦቹ ማንበብ ስለማይችሉ አማቴ በር ላይ ቆመው ልጁን ሁሉ ስም እየጠየቁ ወደየጠረጴዛው ይመሩት ጀመር። ሥራው ሳራ የምትባል አንዲት ልጅ እስክትመጣ ድረስ ተሳክቶላቸው ነበር። ሳራ የሚለው ስም ከሁለቱም ወገን ይሆናል። አማቴ ግራ ገባቸውና የአባቷን ስም ጠየቋት።

"አባዬ" አለች ሳራ።

ሞግዚቷ ደርሳ እስክታስረዳ ድረስ ልጅቷ መሐል ቆማ ቀረች። ያን ጊዜ እኛ አዋቂዎቹ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ምግቡ ቀረበ። ከሁለቱ ድስት የወጣው የዶሮ ጥብስ አቆራረጡም መልኩም አንድ ነበር። ሶልያና ሮዙ ጠረጴዛ ራስ ላይ፣ ሂክማ ወርቃማው ጋ ተቀምጠዋል። ልጄ ትንሽ ዙሪያዋን አየችና ሳህኗን በሁለት እጇ ይዛ ተነሣች፤ ወደ ሂክማ መሄዷ ነው። ግማሽ መንገድ ላይ አማቴ ትከሻዋን ያዟት።

"ተይ የኔ ልጅ፣ እዚያ እኮ የእነሱ ነው።"

"እነሱ እነማን ናቸው?"

ግቢው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ያን ሳቅ መልሼ ልውጠው ብችል በወደድኩ። አማቴ ወደ ወንበሯ መለሷት፣ ሮማን ፎቶ አንሺውን ጠራች፣ ኬክ ተቆረሰ። ሂክማ ያን ቀን ሳህኗን ሳትነካ ወደ ቤቷ ሄደች። እንግዶቹ ግን ሮማንን ሲያመሰግኑ አመሹ፤ እንዲህ ለሰው የሚጠነቀቅ ቤት አላየንም አሉ። የትም ቢሄዱ አያገኙም።

ከሁለት ወር በኋላ የሂክማ ልደት ሆነ፤ ሶልያናን ይዤ ሄድኩ። ዘይነባ ፊኛም ካርድም አልሰቀለችም። ሳሎኑ ምንጣፍ ላይ አንድ ሰፊ ትሪ አስቀምጣ ፓስታውን፣ ድንቹን፣ ሽሮውን እላዩ ላይ ደርድራለች። ስምንት ልጆች ዙሪያውን ከበው እጃቸው እስከ አንጓቸው ተለቅልቋል። ሥጋ የሚባል ነገር የለም። ሂክማ ልጄን ስታያት ፈቀቅ ብላ አጠገቧ ቦታ ለቀቀችላት፣ ምንጣፉንም በእጇ መታ መታ አደረገችላት።

ሶልያና ጫማዋን አውልቃ በእጇ እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች። ትሪውን አየች። ልጆቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያ ቀና ብላ፣ እንደ ጨዋ ልጅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

"እትዬ ዘይነባ፣ የእኛ ጠረጴዛ የት ነው?" አለች።