የሰባተኛው ፎቅ ርዕሰ መምህርት

ልጁን ቤት የሚያስተምር ሰው ልጁን ብቻ አስተምሮ አያቆምም። ይህን የምለው በስደት አገር፣ ዌስተን በሚባል ሰፈር፣ አንድ ሕንጻ ውስጥ ከክብርት ርዕሰ መምህርት ከወይዘሮ ዓለምሸት ሁለት ፎቅ ከፍ ብዬ ሰባት ዓመት ስለኖርኩ ነው። ማዕረጉን የሰጠኋት እኔ ነኝ። ትምህርት ቤቷ የምግብ ጠረጴዛዋ ነው፤ ደወሉ ማይክሮዌቭ።

ነገሩ የተጀመረው በኮሮና ጊዜ ነው። ልጆች በኮምፒውተር ሲማሩ ዓለምሸት ከልጇ ከሩሃማ አጠገብ ቁጭ ብላ ጉዱን አየች። ሁለተኛ ክፍል የደረሰችው ልጅ ማንበብ አትችልም። ስዕሉን እያየች ትገምታለች። ትምህርት ቤት ሲከፈት እናትየው ደብዳቤ ጽፋ ልጇን ቤት አስቀረች።

ቸርች ውስጥ ያልመከራት የለም። እኔም ሊፍት ውስጥ አግኝቻት፣ «ልጅቷ ከሰው ጋር መኖርን ከየት ትማራለች?» አልኳት።

«ጋሽ ሽፈራው፣ ትምህርት ቤት የሚባል ነገር ሳይኖር በፊት ሰው የት ይማር ነበር?» አለችኝና ሰባተኛ ፎቅ ላይ በሩን በእግሯ ይዛ እስከ አሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አደረሰችኝ።

ከዚያ ወዲህ በሰላም የወጣ የወረደ የለም። ሊፍቱ ሲበላሽ ደረጃ ታስቆጥራለች። «ይሄም ትምህርት ነው» ትላለች። ማጠቢያዋን ሊጠግን የመጣ የቧንቧ ሠራተኛ ስለ ውሃ ግፊት ገለጻ አድርጎ፣ ጥያቄ ተቀብሎ ነው የወጣው።

በዓመቱ ሩሃማ ማንበብ ጀመረች። መካሪዎቹም ዝም አልን። መጀመሪያ ከአራተኛ ፎቅ ኸይረዲን ሁለት ልጆቹን አመጣ፤ ዛሬ ሐሙስ ሐሙስ የአምስት ቤተሰብ ልጆች ጠረጴዛውን ይከቡታል።

ባለፈው ዓመት ደግሞ እኔ የዜግነት ፈተና ወደቅኩ። ከሃያ አሥራ ሦስት፤ ማለፊያው አሥራ አምስት ነው። ለማንም አልተነፈስኩም። ዓለምሸት ግን እንዴት እንደሰማች እንጃ፣ በሬን አንኳኳች።

«ሐሙስ ጠዋት ይምጡ፤ እርሳስ ይያዙ።»

«ሃምሳ አንድ ዓመቴ እኮ ነው።»

«እንግዲያው ኋላ ወንበር ይቀመጣሉ።»

ወንበሩ የነበረው በሁለት የሰባት ዓመት ልጆች መሃል ነው። ጥያቄ የምታነብልኝ ሩሃማ ነበረች። እኔ አፌ ውስጥ የሚጠላለፉብኝን ረጃጅም የእንግሊዝኛ ቃላት ሳትደናቀፍ ስታነብ አፍ አፏን እያየሁ ጥያቄው አመለጠኝ። ዞር ብዬ እናቷን አየሁ። ጀርባዋን ሰጥታን ሰሌዳ ትጠርጋለች፤ ሰሌዳው ግን ንጹሕ ነበር።

«ጋሽ፣ አንሰር ያድርጉ እንጂ» አለችኝ ሩሃማ።

በሁለተኛው ፈተና አሥራ ዘጠኝ አገኘሁ። ሮጬ ሄጄ ስነግራት ክብርት ርዕሰ መምህርት ከእንኳን ደስ አለዎት በፊት፣ «አንዱስ?» አለችኝ።

ዜጋ ከሆንኩ አምስት ወር ሆኖኛል። ሐሙስ የእረፍት ቀኔ ነው፤ አለቃዬ ወደ ቅዳሜ ላዙርልህ ቢለኝ እምቢ አልኩት። ከትንንሾቹ ጋር ክፍልፋይ ጀምረናል።