ጳጉሜን የዘለለው ፎርሙላ

ሰው ሲደክመው ወይ ይተኛል፣ ወይ የሚሠራለት ይፈልጋል። እኔ የሚሠራልኝ ሰው ስለሌለኝ ፎርሙላ ፈለግሁ።

ጭሮ ላይ ውሃ በተራ ነው፤ የተራው ሰንጠረዥ የሚወጣው ደግሞ ከእኔ ኮምፒውተር። ሰፈሮቹ ሦስት ስለሆኑ እያንዳንዱ ቀን ሦስት ጊዜ ይጻፋል፤ አንድ፣ አንድ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት... ልብ በሉ፣ እስከ ዓመቱ መጨረሻ። ከእኔ በፊት የነበሩት ጋሽ በቀለ ይህን ሁሉ በእስክሪብቶ አንድ በአንድ ሲጽፉ ኖረው ጡረታ ወጡ። እኔ አንድ መስመር ፎርሙላ ጻፍኩ። ሦስት ጊዜ ድገም፣ ሠላሳ ስትደርስ ወሩን ቀይረህ ከአንድ ጀምር አልኩት። ወደ ታች ጎተትኩት። ዓመቱ አለቀ። ማኅተም አስመትቼ ሻይ ጠጣሁ።

ነሐሴ ሲገባደድ ጎረቤቴ አዴ ዘሃራ ቢሮ መጡ። የልጃቸው ኒካህ ጳጉሜ ሦስት ነው፤ በሬው ተገዝቷል፣ የበደሳና የቦኬ ዘመድ ተጠርቷል።

«ኢልማኮ፣ ልጄ፣ የዚያን ቀን ውሃችን ስንት ሰዓት ነው?»

ሰንጠረዡን ዘረጋሁ። ነሐሴ ሠላሳ፣ ነሐሴ ሠላሳ፣ ነሐሴ ሠላሳ። ከሥሩ መስከረም አንድ።

«ጳጉሜ የለችም» አልኳቸው።

«ማን ወሰዳት?»

ለወር ደመወዝተኛ ጳጉሜ ድሮም የለችም፤ ፎርሙላው ከማን እንደተማረ ያን ጊዜ ገባኝ።

የውሃ መስመሩን የሚከፍተውን ጅብሪልን ጠርቼ ለመንኩት።

«ማኅተም የሌለበትን ቀን አልከፍትም» አለ። «አምና በቃል ብከፍት ሁለቱ ሰፈር ድንጋይ ይዞ ነው የመጣብኝ።»

ማኅተም ያዡ ለመስክ ሥራ ወደ ቦርደዴ ከተማ ሄዷል። የሚመለሰው በመስከረም ነው። አዴ ዘሃራ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። አላለቀሱም፤ ቢያለቅሱ ይሻለኝ ነበር።

ጅብሪል ግን ግድግዳው ላይ አፈጠጠ። የጋሽ በቀለ የመጨረሻ ሰንጠረዥ እዚያው በሚስማር ተንጠልጥሏል፤ ማንም አላወረደው። ወርና ቀን እንጂ ዓመተ ምሕረት የለውም። ከነሐሴ በታች፣ በእስክሪብቶ፣ ጳጉሜ አንድ ሦስት ጊዜ፣ ጳጉሜ ሁለት ሦስት ጊዜ...

«ይሄ ማኅተም አለው» አለ ጅብሪል። «ጳጉሜ ሦስት፣ የእርስዎ ሰፈር፣ ጠዋት።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉና ተነሡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ወደ ኮምፒውተሩ ዞሩ። «ለዚህ ግን ዕረፍት ስጠው፤ ደክሞታል።»

በኒካሁ ዕለት ከምሳ በፊት ጆግ ይዘው አስታጠቡን። አጠገቤ የተቀመጡት ጋሽ በቀለ እጃቸውን እያራገፉ፣ ሥራ እንዴት ነው አሉኝ።

ቀሏል፣ አልኳቸው።