ትንፋሽ ያጠረው ሞተር

(እስራኤል፣ ረሖቮት ከተማ፣ 2015። የአይሁድ ፋሲካ ዋዜማ፣ እርሾ ያለበት ሁሉ የሚጠረግበት ቀን፣ ከቀትር በኋላ። ከአንድ ፎቅ ቤት ሥር ሞተር ብስክሌት ቆሟል። ሁለት ጎረቤታሞች አጠገቡ አሉ። ውቤ ሚስቱ ከሞተችበት ስድስት ዓመት ሆኖታል። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ አንድ እግሩ ካልሲ አድርጓል፣ አንዱ ባዶ ነው። ተገኘ መፍቻ ይዟል።)

ውቤ፦ ሁለቱንም እኮ ነው አጥቤ ያሰጣሁት።

ተገኘ፦ ሞተርህ እንዲህ ሆኖ አሁን ካልሲ ነው የሚያሳስብህ?

ውቤ፦ አዲስ ነበር። ለዛሬ ብዬ የገዛሁት።

ተገኘ፦ ነፋስ ወስዶት ነው። ያላ፣ በል አስነሳው።

(ውቤ ይረግጠዋል። ሞተሩ ይነሳል። ነዳጅ ሲሰጠው ያስላል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ይጠፋል።)

ተገኘ፦ ሰማህ? በድምፁ ብቻ አወቅሁት። ቤንዚኑ ተበላሽቷል።

ውቤ፦ ቤንዚኑንማ ቅድም ቀየርነው። አንተው ነህ ያስቀየርኸኝ።

ተገኘ፦ እንግዲያው ቤንዚኑ አይደለም። ይኸው፣ አንዱን አወቅን። ሥራ እንዲህ ነው።

ውቤ፦ አደራህን ተገኘ። አውቶቡስ ለበዓሉ ቆሟል። ፀሐይ ሳትገባ ቤኤር ያዕቆብ መድረስ አለብኝ። ሙሉሸዋ ሊያገባኝ ነው ብላ ወንድሞቿን ሁሉ ጠርታለች። ዛሬ ካልመጣህ አልፈለግኸኝም ማለት ነው፣ ሁለተኛ እንዳትደውል ብላኛለች።

ተገኘ፦ ሞተሩ ታመመብኝ በላታ።

ውቤ፦ ባለፈው ለምሳ ስትጠራኝ ይህንኑ ብያት ነበር።

ተገኘ፦ ያኔም ታሞ ነበር?

ውቤ፦ ያኔ ደህና ነበር። የታመምሁት እኔ ነኝ። ወንድሞቿን ፈርቼ።

ተገኘ፦ ወይ አንተ። በል አትስጋ። ወታደር ቤት ሦስት ዓመት ሙሉ ጋራዥ ነው የቆየሁት።

ውቤ፦ በር ጠባቂ ነበርሁ ብለኸኝ አልነበር?

ተገኘ፦ የማንን በር? የጋራዡን። የሚገባው ታንክ ሁሉ በፊቴ እያነከሰ ይገባል፣ በፊቴ ድኖ ይወጣል። ሰው በዓይኑም ይማራል። የዚህን ሞተር በሽታ ሳላገኝ ብቀር ባዶ እግሬን ቤቴ ልግባ።

ውቤ፦ ቤሰደር፣ እሺ። ግን ለእኔ ትንፋሽ ያጠረው ይመስለኛል።

ተገኘ፦ (ይስቃል) ሞተር ደግሞ ሳንባ አወጣ? ሐኪም ቤት እንውሰደዋ።

ውቤ፦ አባቴ በቅሎ ነበረችው። ልጓሙ አፍንጫዋ ላይ ሲጠብቅባት ልክ እንደዚህ ነበር የምታስለው።

ተገኘ፦ ይኸ የጃፓን ሞተር ነው እንጂ የጃናሞራ በቅሎ አይደለም። ዞር በል።

(ካንዴላውን ይፈታል። ጥላሸት ለብሷል።)

ተገኘ፦ ይኸው ጉድህ። ካንዴላው ከሰል ሆኗል። ብልጭታ ከየት ይምጣ?

ውቤ፦ እሱ አዲሱ ነው። ከምሳ በፊት ያስገባኸው።

ተገኘ፦ አዲሱም?

ውቤ፦ አዲሱም። እሳት እኮ አየር ሲያንሰው ነው የሚጨሰው።

ተገኘ፦ አንተ ዳቦ አመላላሽ ነህ። የእሳቱን ነገር ለጋጋሪው ተውለት።

(የውቤ ስልክ ይጮኻል። ያነባል፣ ኪሱ ይከተዋል።)

ውቤ፦ ወንድሞቿ ደርሰዋል። አራቱም።

ተገኘ፦ ይጠብቁ።

ውቤ፦ ተገኘ፣ ስድስት ፋሲካ ብቻዬን ቂጣ ቆርሻለሁ። ሰባተኛውን አልችልም።

(ተገኘ መፍቻውን ያስቀምጣል።)

ተገኘ፦ እሺ። አሁን ባለሙያ የሚጠይቀውን ልጠይቅህ። መጨረሻ ላይ በደህና የሄደው መቼ ነው?

ውቤ፦ ትላንት ጧት። የመጨረሻውን ዳቦ አድርሼ ስመለስ ሲበር ነበር።

ተገኘ፦ ከዚያ ወዲህ ማን ነካው?

ውቤ፦ አንተ።

ተገኘ፦ እኔ አጠብሁት እንጂ መቼ ነካሁት?

ውቤ፦ እጠብልኝም አላልሁህ።

ተገኘ፦ ዓመት ሙሉ ዳቦ የተጫነበት ሞተር፣ ፍርፋሪው በየጉድጓዱ ሞልቶ፣ ዝም ብዬ ልየው? በእርሾ ሞተር ሄደህ ፋሲካ የሚያከብር ሰው ደጅ ልትቆም? አገር ቤት እናቴ ለፋሲካ የሸክላውን ዕቃ ሁሉ ሰብራ በአዲስ ነበር የምትቀይር።

ውቤ፦ ሞተሩን ስላልሰበርኸው እግዜር ይስጥልኝ።

ተገኘ፦ በጎማ ውኃ ለቅቄ ከላይ እስከ ታች አጠብሁት። ጥርሴን እንኳ እንዲያ አላጥብም።

ውቤ፦ ውኃ ውስጡ ገብቶ ይሆን?

ተገኘ፦ (ይቆጣል) ማን አደረግኸኝ? ከመቀመጫው ሥር አየር የሚስብበት ቀዳዳ አለ። ያንን ሳልወትፍ ውኃ የምለቅ ደደብ እመስልሃለሁ?

ውቤ፦ ስትጨርስስ ነቀልኸው?

ተገኘ፦ ምኑን?

ውቤ፦ የወተፍህበትን።

ተገኘ፦ እሱን... (ራሱን ያክካል።)

ውቤ፦ በምን ነበር የወተፍኸው?

ተገኘ፦ ባገኘሁት። እዚያ ገመዱ ላይ... እንዲያው የሆነች...

(ሁለቱም የውቤን ባዶ እግር ያያሉ። ውቤ ቀስ ብሎ መቀመጫውን ያነሳል፣ እጁን ይሰዳል፣ የረጠበ ሰማያዊ ካልሲ ይስባል።)

ውቤ፦ ነፋሱ የት እንደወሰደው አገኘሁት።

(ካንዴላውን ጠርጎ ይመልሳል፣ ይረግጠዋል። ሞተሩ አንዴ ያስልና ጥርት ብሎ ይጮኻል።)

ተገኘ፦ አየህ? በሽታውን አገኘዋለሁ አላልሁህም?

ውቤ፦ አንተማ ከትላንት ጀምሮ ታውቀዋለህ። ያላ፣ ጫማህን አውልቅ።

ተገኘ፦ ለምን?

ውቤ፦ ሙሉሸዋ ቤት ጫማ ደጅ ነው የሚቀር። አራት ወንድማማች ፊት በአንድ ካልሲ ልቀመጥ?

ተገኘ፦ አንዷን ልስጥህ እንግዲያ።

ውቤ፦ የእኔ ሰማያዊ፣ ያንተ ጥቁር። ትዳር ፍለጋ የሄደ ሰው ካልሲው እንኳ ጥንድ ካልሆነ ምን ይሉኛል? ሁለቱንም።

(ተገኘ እያጉረመረመ ያወልቃል። ውቤ ካልሲዎቹን አሽትቶ ፊቱን ያጨማድዳል፣ ያደርጋቸዋል፣ ሞተሩ ላይ ይወጣል።)

ተገኘ፦ ባዶ እግሬን ስገባ ሚስቴ ካልሲህ የት ገባ ብትለኝ ምን ልበላት?

ውቤ፦ ቤኤር ያዕቆብ ለሽምግልና ሄደ በላት።